ከሕፃናት ማቆያ እስከ አልባኒ፦ የሸርሊ ቺሾልም ዐሥራ አምስት ዓመታት



የሸርሊ ቺሾልም ስም በተነሣ ቁጥር ሁለት ዓመታት አብረው ይነሣሉ። በ1968 ከብሩክሊን ተመርጣ ወደ አሜሪካ ኮንግረስ የገባች የመጀመሪያዋ ጥቁር ሴት ሆነች፤ በ1972 ደግሞ ለዴሞክራቲክ ፓርቲ የፕሬዚዳንትነት ዕጩነት ተወዳደረች። ዓመታቱን ሁሉ የምጠቅሰው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው። የአሜሪካ ፖስታ አገልግሎት በ2014 ምስሏን በቴምብር ላይ ያተመው፣ ብሩክሊን ውስጥ ሰፊ መናፈሻ በስሟ የተሰየመው በነዚህ ሁለት ዓመታት ዝና ነው። እኔ ዛሬ ላነሣ የፈለግሁት ግን ከዝናው በፊት ያለውንና ብዙም የማይወራለትን ዘመን፣ ከ1953 እስከ 1968 ያለውን ዐሥራ አምስት ዓመት ነው። የማኅበረሰብ አንቂ ወደ ፖለቲካ ሲገባ ከታች የሚጀምረው ተራ እየጠበቀ ስለሆነ ብቻ ይመስለናል። የሰፈሩ የፓርቲ ክለብ፣ የመራጮች ምዝገባ፣ የስቴቱ ምክር ቤት ወደ ትልቁ ቦታ የሚያሻግሩ ደረጃዎች እንጂ በራሳቸው ዋጋ ያላቸው ሆነው አይታዩንም። የሸርሊ ሕይወት የሚያሳየው ተቃራኒውን ነው ብዬ እከራከራለሁ። ለሰው ኑሮ የተረፈው ትልቁ ሥራዋ የተሠራው እዚያው ታች ነው፤ ከላይ የደረሰችውም ታች የሠራችው ስለያዛት ነው። ይህ ነገር ስለ አንዲት ታላቅ ሴት ከሚነገር ታሪክነት አልፎ፣ በስደት አገር ድምፅ ለሚፈልግ ማኅበረሰብ ሁሉ የሚያገለግል ነው።

ሸርሊ የስደተኞች ልጅ ናት። አባቷ ከብሪቲሽ ጊያና፣ እናቷ ከባርቤዶስ መጥተው ኒውዮርክ ኑሮ መሠረቱ፤ እሷም በ1924 ብሩክሊን ውስጥ ተወለደች። አባቷ የፋብሪካ ሠራተኛ ነበር፤ እናቷ ልብስ ትሰፋ፣ በሰው ቤትም ትሠራ ነበር። ወላጆቿ ገንዘብ እስኪያጠራቅሙ ድረስ ሸርሊና ታናናሽ እኅቶቿ ባርቤዶስ ወደ አያታቸው ተልከው አደጉ፤ የተመለሱትም በ1934 ነው። ልጁን ለአያት ትቶ ባሕር ማዶ የሚለፋ ወላጅ በኛ በኢትዮጵያውያንም ዘንድ የሞላ ስለሆነ ይህን ማስረዳት አያስፈልገኝም። በ1946 ከብሩክሊን ኮሌጅ በማዕረግ ተመረቀች። ሉዊስ ዋርሶፍ የተባለው የፖለቲካ ሳይንስ መምህሯ ፖለቲካ እንድትገባ ሲመክራት፣ ጥቁርም ሴትም መሆኔን ረስተሃል ብላ መልሳለታለች። በዘመኑ ከነበረው እውነታ አንጻር መልሷ ትክክል ነበር። ስለዚህ እንደሷ ላለች ምሩቅ ክፍት ወደነበረው ሙያ፣ ወደ ሕፃናት መምህርነት ሄደች፤ እየሠራችም በኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ የመምህራን ኮሌጅ በሕፃናት ትምህርት ሁለተኛ ዲግሪዋን ያዘች። ከ1953 እስከ 1959 በማንሃተን የሃሚልተን ማዲሰን የሕፃናት ማቆያን መራች፤ ከዚያም እስከ 1964 ድረስ በከተማው አስተዳደር የሕፃናት ማቆያዎች አማካሪ ሆና ሠራች።

ይህን ሙያ የሕይወት ታሪኳ መግቢያ አድርጎ ማለፍ የተለመደ ነው፤ ለኔ ግን የነገሩ ሥር እዚህ ነው። የሕፃናት ማቆያ የሚመራ ሰው የሰፈሩን ኑሮ ከማንም ቀድሞ ያውቀዋል። እናት ልጇን ስንት ሰዓት እንደምታመጣ፣ ለምን ዘግይታ እንደምትወስድ፣ ከሥራ በተሰናበተች ማግስት ልጁ ለምን እንደሚቀር፣ ክፍያው ሲያቅታት ምን ብላ እንደምትለምን ያያል። አንድ ሕግ የትኛውን ሰው እንደሚሸፍንና የትኛውን እንደሚያስቀር በመጽሐፍ ሳይሆን በፊቱ በቆመ ሰው ይረዳል። ሸርሊ ከፖርቶሪኮ ከመጡ ቤተሰቦች ጋር በስፓኒሽ ታወራ ነበር፤ ይህ ችሎታዋ ከዓመታት በኋላ በምርጫ ዘመቻ ላይ ሲያገለግላት እናየዋለን። እንግዲህ አንቂነት ማለት ሰልፍ መውጣትና ድምፅ ማጉያ መያዝ ብቻ ነው ከተባለ ሸርሊ በነዚያ ዓመታት አንቂ አልነበረችም። የሰውን ችግር በቅርብ ማወቅና ለዚያ ሰው መናገር ከሆነ ግን ከጧት እስከ ማታ ሥራዋ ያ ነበር።

ማታ ማታ ደግሞ የፓርቲ ክለብ ነበረ። በዚያን ጊዜ ብሩክሊንን የሚገዛው የዴሞክራቲክ ፓርቲ ሥልጣን በየምክር ቤት ወረዳው በተቋቋሙ ክለቦች ላይ የቆመ ነበር። የቆሻሻ መኪና ያልደረሰበት፣ ከቤት እንዲወጣ ማስጠንቀቂያ የተሰጠው፣ ልጁ የታሰረበት ሰው ወደ ክለቡ ሄዶ ለአለቃው ይነግራል፤ አለቃውም ስልክ ይደውልለታል፤ ሰውየው በምርጫ ቀን ውለታውን በድምፁ ይከፍላል። ቤድፎርድ ስታይቨሰንት የተባለው ሰፈር ነዋሪ በአብዛኛው ጥቁር እየሆነ ቢሄድም የ17ኛው ወረዳ ክለብ አለቆች ግን ነጮች ነበሩ፤ በስብሰባም ነጮቹ በአንድ ወገን፣ ጥቁሮቹ በሌላው መቀመጥ ልማድ ሆኖ ነበር። ሴቶቹ የክለቡን ወጪ የሚሸፍነውን የሎተሪ ሽያጭ ያካሂዱ፣ ለትኬት መያዣ የሚሆኑትን የሲጋራ ሳጥኖች ያስጌጡ ነበር። ሸርሊ የተሰጣት የመጀመሪያ ሥራ ይኸው ሳጥን ማስጌጥ ነው። ሠራችው፤ ከዚያ ግን ይህን ሁሉ ገንዘብ የምናመጣው እኛ ሆነን ሳለ ለሥራው በጀት የማይመደብልን ለምንድን ነው ብላ ሴቶቹን አነሣሥታ ጠየቀች። ቆሻሻው ለምን አይነሣም፣ የቤት ደኅንነት ደንብ ለምን አይከበርም እያለችም በስብሰባ ላይ አለቆቹን ታፋጥጥ ነበር። አፏን ለማዘጋት ወደ ክለቡ ቦርድ አስገቧት፤ እዚያም ዝም ስላላለች አስወጧት።

በ1953 የፓርቲው አለቆች በሰፈሩ ለነበረው ክፍት የዳኝነት ቦታ ከሰፈሩ ውጭ የሆነ ነጭ ዕጩ አቀረቡ። ዌዝሊ ሆልደር የተባለው ከጊያና የመጣ ብልህ አደራጅ ሉዊስ ፍላግ የተባለውን ጥቁር ጠበቃ በተቃራኒው አቆመ። ሸርሊም በዘመቻው ገባችበት። ኒውዮርክ ውስጥ በፓርቲ ውስጥ ምርጫ ለመወዳደር የወረዳውን የፓርቲ አባላት ፊርማ ማሰባሰብ ግድ ነው፤ የአለቆቹ ጠበቆችም ፊርማዎቹን በየሰበቡ ሲያስጥሉ ኖረዋል። ስለዚህ ፊርማውን ከሚፈለገው በላይ መሰብሰብ፣ አድራሻውን በጥንቃቄ መጻፍ፣ ደረጃ እየወጡ በር ማንኳኳት ነበረባቸው። ፍላግ አሸነፈ፤ የብሩክሊን የመጀመሪያው ጥቁር ዳኛም ሆነ። ዘመቻውን ያካሄደው ስብስብ የቤድፎርድ ስታይቨሰንት የፖለቲካ ሊግ ሆኖ ቀጠለ። ሸርሊ በ1958 ከሆልደር ጋር በአመራር ጉዳይ ተጣልታ ከሊጉ ወጣች። ይህን ጠብ መደበቅ አያስፈልግም፤ ለአንድ ዓላማ የቆሙ ሰዎች በሥልጣን መጣላታቸው በሐበሻ ማኅበራት ብቻ የደረሰ ነገር አይደለም። የሚለየው ከጠቡ በኋላ የተደረገው ነው። በ1960 እሷና ቶማስ ጆንስ ከሌሎች ጋር ሆነው ጥቁሮችም ነጮችም ያሉበትን የዩኒቲ ዴሞክራቲክ ክለብ መሠረቱ። በዚያው ዓመት ተወዳድረው ተሸነፉ። ክለቡ ግን አልፈረሰም፤ ሁለት ዓመት ሙሉ መራጭ ሲመዘግብ ቆየና በ1962 ጆንስን ለስቴቱ ምክር ቤት አስመረጠ፤ የ17ኛውን ወረዳም ከአሮጌዎቹ አለቆች እጅ አወጣ። ሆልደርም በ1968 ተመልሶ የዘመቻዋ ዋና ሰው ሆነ።

በ1964 ጆንስ ወደ ዳኝነት ሲሄድ ቦታው ክፍት ሆነ። ሸርሊ ለክለቡ የኔን ያህል የሠራ ማን አለ ብላ ዕጩነቱን ጠየቀች፤ ሴት መሆኗን የጠሉ ቢኖሩም አገኘችው፤ ምርጫውንም አሸነፈች። ከሷ በፊት የኒውዮርክ ስቴት ምክር ቤት አባል የሆነች ጥቁር ሴት በ1954 ከሐርለም የተመረጠችው ቤሲ ቡካነን ነበረች። የምርጫ ወረዳዎቹ በፍርድ ቤት ትእዛዝ እየተከለሱ ስለነበር ሸርሊ ያን ወንበር ለመያዝ በ1964፣ በ1965ና በ1966 ሦስት ጊዜ መወዳደር ግድ ሆነባት። ሦስቱንም አሸንፋለች። የሰፈር ድርጅት ያለው ሰው ብቻ የሚችለው ነገር ነው፤ በዝና የተመረጠ ሰው በየዓመቱ በር እያንኳኳ ሊኖር አይችልም።

የክርክሬ ልብ ያለው አልባኒ ላይ ነው። አልባኒ የኒውዮርክ ስቴት ዋና ከተማ ናት፤ ከብሩክሊን ሩቅ፣ ለጋዜጠኛም ለተቃዋሚም የማትማርክ ከተማ። ሸርሊ እዚያ በቆየችባቸው አራት የምክር ቤት ዓመታት ውስጥ ሃምሳ ያህል ረቂቅ ሕጎች አቀረበች፤ ያለፉላት ስምንት ናቸው። ቁጥሩ ጥቂት ይመስላል፤ ስለዚህ ምን ምን እንደነበሩ ማየት አለብን። አንዱ ለቤት ሠራተኞች የሥራ አጥነት ድጎማ መብት የሚሰጥ ነበር። የዚህን ክብደት ለመረዳት ወደ ኋላ መሄድ ያስፈልጋል። አሜሪካ በ1935 የማኅበራዊ ዋስትና ሕግን፣ በ1938 ደግሞ የዝቅተኛ ደመወዝና የሥራ ሰዓት ሕግን ስታወጣ የእርሻ ሠራተኞችንና የቤት ሠራተኞችን ከሁለቱም አስቀርታ ነበር። በደቡብ ያሉ ጥቁር ሠራተኞች በብዛት የነበሩት በነዚህ ሁለት ሥራዎች ላይ ነው። የቤት ሠራተኞች ማኅበራዊ ዋስትና ውስጥ የገቡት በ1950 ነው፤ በፌዴራሉ ዝቅተኛ ደመወዝ ሕግ የተሸፈኑት ደግሞ በ1974። በኒውዮርክ የሰው ቤት ስትጠርግ ኖራ አሠሪዎቿ ወደ ሌላ ከተማ ሲሄዱ ያለ ምንም ገቢ የምትቀር ሴት በሕጉ ዐይን ሥራ አጥ አልነበረችም። ይህን ቀዳዳ ያየችው የሰው ቤት የሠራች እናት ልጅ፣ የነዚያን ሴቶች ልጆች በማቆያ ስትጠብቅ የኖረች መምህርት ናት። ቀዳዳውን አይቶ መጮኽ ለማንም ይቻል ነበር። ድጎማውን የሚወስነው ግን የስቴት ሕግ ስለነበር፣ ሊደፍነው የሚችለው አልባኒ ውስጥ ድምፅ ያለው ሰው ብቻ ነበር። እግረ መንገዴን ላስታውስና፣ በኛም አገር በኢትዮጵያ ዐዋጅ ቁጥር 1156/2011 (ይህ ዓመት በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው) የቤት ውስጥ አገልግሎትን ከአሠሪና ሠራተኛ ሕጉ ሽፋን ውጭ አድርጎ ለሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ትቶታል። የሰው ቤት ሠራተኛ ሕግ ሲጻፍ ማን ያስታውሳታል የሚለው ጥያቄ የብሩክሊን ብቻ አይደለም።

ሌላው ሕግ በወሊድ ምክንያት ሥራ ያቋረጡ መምህራን ያካበቱትን የቋሚነት መብት እንዳያጡ የሚያደርግ ነው። ይህም ከመማሪያ ክፍል የመጣ ዕውቀት ነው፤ ዕድሜውን በጥብቅና ያሳለፈ ሰው ላያስበው ይችላል። ከሁሉ የሰፋው ግን በ1966 ከሌሎች የምክር ቤት አባላት ጋር ሆና ያሳለፈችው ሲክ የተባለው የትምህርት ፕሮግራም ነው። በድህነትና በደካማ ትምህርት ቤቶች ምክንያት የኮሌጅ መግቢያውን ነጥብ ያላሟሉ ወጣቶች በኒውዮርክ ከተማ ዩኒቨርሲቲ የማጠናከሪያ ትምህርት፣ የምክር አገልግሎትና የገንዘብ ድጋፍ እያገኙ እንዲማሩ ያደርጋል። ፕሮግራሙ ዛሬም አለ፤ በየዓመቱም ተማሪ ይቀበላል። ወንበር ያለው ሰው ምን ይጠቅማል ለሚለኝ የምሰጠው መልስ ይህ ነው። በእንግሊዝኛ ማንበብ የማይችል ሰው እንዳይመርጥ ይከለክል የነበረውን የኒውዮርክ ፈተናም ተቃውማለች፤ በራሱ ቋንቋ የሚያነብ ሰው አላዋቂ አይባልም በሚል ክርክር።

አሁን ወደ 1968 ልምጣ፤ ምክንያቱም የምለው ነገር በፈተና የታየው በዚያ ዓመት ነው። ቤድፎርድ ስታይቨሰንት ለመጀመሪያ ጊዜ በአንድ የኮንግረስ ወረዳ ውስጥ ተጠቃለለ። ሸርሊ የፓርቲ ውስጥ ምርጫውን በጠባብ ልዩነት አሸነፈችና በመጨረሻው ውድድር የገጠማት ጄምስ ፋርመር ሆነ። ፋርመር ተራ ሰው አልነበረም። በ1942 ኮር የተባለውን የእኩልነት ድርጅት ከመሠረቱት አንዱ ነው፤ በ1961 የዘር መለያየትን የተቃወሙት የነጻነት ተጓዦች በደቡብ አውቶቡሶች ላይ ሲደበደቡና ሲታሰሩ ዘመቻውን የመራ፣ ራሱም የታሰረ፣ ስሙ በመላ አገሪቱ የታወቀ ጀግና ነበር። በአንጻሩ ሸርሊን ከሰፈሯ ውጭ የሚያውቃት ጥቂት ሰው ነው። ፋርመር የሊበራልና የሪፐብሊካን ፓርቲዎችን ድጋፍ ይዞ፣ ከበሮ በሚመታበት መኪና እየዞረ፣ ሰፈሩ ጠንካራ ወንድ እንደሚያስፈልገው በሚያሳይ ቅስቀሳ መጣ። ነዋሪነቱ ግን ማንሃተን እንጂ ብሩክሊን አልነበረም። ሆልደር የመራጮችን መዝገብ ሲቆጥር በወረዳው የተመዘገቡት ሴቶች ከወንዶቹ ከሁለት እጥፍ በላይ ሆነው አገኛቸው፤ ሸርሊም በወላጆች ማኅበራት፣ በቤተ ክርስቲያን ሴቶች ስብስቦች፣ በየቤቱ በሚደረጉ የሻይ ግብዣዎች በኩል ሄደች፤ ለፖርቶሪኮዎቹም በቋንቋቸው ተናገረች። በዘመቻው መካከል ቀዶ ሕክምና አድርጋ ሳለ እንኳ ከአልጋ ተነሥታ ወጣች። ከፋርመር ድምፅ እጥፍ በላይ አግኝታ አሸነፈች። በዚህ ውድድር ሁለት አንቂዎች ናቸው የተገናኙት፤ ያሸነፈችው ሕዝቡ ስለ እሷ ሰምቶ ሳይሆን በእሷ በኩል አንድ ነገር ተደርጎለት የሚያውቃት ናት። ፋርመርን ለማሳነስ አይደለም ይህን የምለው፤ እሱ የከፈለው ዋጋ የሷንም መንገድ ጠርጓል። ነገር ግን ለሀገር የተከፈለ ዋጋ ብቻውን የሰፈርን ወንበር አያስገኝም።

በዚህ ላይ የሚነሡ ተቃውሞዎች አሉ። የመጀመሪያው፣ ሸርሊን ያስመረጣት ፍርድ ቤት እንጂ ክለብ አይደለም የሚል ነው። የሰፈሩ ጥቁር መራጮች በበርካታ የኮንግረስ ወረዳዎች ተበታትነው ነበር፤ ክፍፍሉ ፍርድ ቤት ቀርቦ ባይለወጥ ኖሮ ማንም አደራጅ ሊያሸንፍ አይችልም ነበር ይባላል። ግማሹን እቀበላለሁ። ሕጉ በሩን ባይከፍት ኖሮ አትገባም ነበር። ነገር ግን ክሱ ራሱ ከሰማይ አልወረደም፤ የብሩክሊን ነዋሪዎች ያነሡት ነው። ደግሞም በሩ የተከፈተው ለሁሉም ነበር፤ ለፋርመርም፣ የፓርቲው አለቆች ለሚወዷቸው ሌሎች ተወዳዳሪዎችም። በተከፈተው በር ለመግባት የተዘጋጀው ዐሥራ አምስት ዓመት የሠራው ሰው ነው። የወረዳ ካርታ ዕድል ይሰጣል፤ የመራጮችን ዝርዝር ግን በእጁ ያልያዘ ሰው ዕድሉን አይጠቀምበትም።

ሁለተኛው ተቃውሞ የከበደው ነው፤ ቅን የሆኑ ሰዎችም የሚያነሡት። አንቂ ፓርቲ ውስጥ ሲገባ ፓርቲው ይበላዋል፤ ለሚቀጥለው ምርጫ ሲል ዝም ማለትን ይማራል፤ ማኅበረሰቡም ተቆርቋሪውን አጥቶ ባለሥልጣን ያተርፋል ይላሉ። የዚህ ማስረጃ በየአገሩ ሞልቷል፤ መካድ አይቻልም። ሸርሊ ላይ ያልሠራበትን ምክንያት ግን ልብ ብለን እንየው። ጠንካራ ጠባይ ነበራት ብሎ ማለፍ በቂ አይሆንም። የተመረጠችው በአለቆቹ ፈቃድ ሳይሆን በራሷ ክለብ ጉልበት ስለነበር፣ ለአለቆቹ የምትከፍለው ውለታ አልነበረባትም። የ1968 መፈክሯ ያልተገዛሁ፣ አለቃም የሌለኝ የሚል መልእክት የያዘው በዚህ ነው፤ የድርጅት ሁኔታዋን የሚገልጽ እውነት ነበር። ኮንግረስ በገባች ጊዜ በግብርና ኮሚቴ ስትመደብ፣ ብሩክሊን እርሻ የለባትም ብላ በግልጽ ተቃውማ ምደባዋን አስለውጣለች፤ አዲስ አባል እንዲህ ማድረጉ ያልተለመደ ነበር። ስለዚህ ፓርቲ ሰውን ይበላል የሚለው ሥጋት መልሱ ከፓርቲ መራቅ አይደለም። የራስን ደጋፊ፣ የራስን የገንዘብ ምንጭ፣ የራስን የመራጮች ዝርዝር ይዞ መግባት ነው። ማኅበረሰቡ ተወካዩን አስመርጦ ቤቱ ቢገባ ያን ጊዜ ሰውየው ለሌላ ጌታ ይገዛል፤ ጥፋቱም የሱ ብቻ አይሆንም።

ሦስተኛው፣ ውጤቷ ትንሽ ነው የሚል ነው። ከሃምሳ ስምንት ብቻ አለፈ፤ በኮንግረስ የደገፈችው ሰፊው የሕፃናት ማቆያ ሕግ በ1971 ሁለቱን ምክር ቤቶች ካለፈ በኋላ በፕሬዚዳንት ኒክሰን ተሻረ፤ የ1972ቱ ውድድርም በሽንፈት ተጠናቀቀ። ይህ ሁሉ እውነት ነው፤ ነገር ግን የኔን ሐሳብ ያጠናክረዋል እንጂ አያፈርሰውም። በ1972 ሸርሊ ያደረገችው ከዚያ በፊት ያላደረገችውን ነው። በየስቴቱ ክለብ ሳይኖራት፣ ገንዘብም ድርጅትም ሳይኖራት በመላ አገሪቱ ተወዳደረች። የፓርቲው ጉባኤ ማያሚ ቢች ላይ ሲደረግ 152 ድምፅ አገኘች። ጥቁር ወንዶች መሪዎችም፣ የሴቶች መብት ታጋዮችም አብዛኞቹ ሌላ ዕጩ መርጠው ነበር። ድፍረቱ ለኋለኞቹ በር ከፍቷል፤ እኔም አከብረዋለሁ። ሆኖም ብሩክሊን ላይ ያሸነፈችበትን መሣሪያ ሳይይዝ የተደረገ ውድድር ምን እንደሚያገኝም በዚያው አሳይቷል። በሌላ በኩል አልባኒ ላይ በ1965 ለቤት ሠራተኞች የጀመረችው ነገር በ1974 በፌዴራል ደረጃ ተጨምሮበታል፤ የዝቅተኛ ደመወዝ ሕጉ የቤት ሠራተኞችን እንዲጨምር ከታገሉት አንዷ ናት። ከስቴት የተጀመረ ሥራ ወደ ሀገር ያድጋል፤ ከሀገር የተጀመረ ዝና ግን ወደ ሰፈር ላይወርድ ይችላል።

ይህ ከኛ ጋር ምን ያገናኘዋል የሚለኝ ይኖራል። የልባችን ፖለቲካ አገር ቤት ነው፤ ስለ አዲስ አበባ፣ ስለ ጎንደር፣ ስለ መቀሌና ስለ ጅማ ሌሊቱን ሙሉ ስንከራከር እናድራለን፤ የካውንቲ ምክር ቤት ምን አገባን ይባላል። አገርን ማሰብ ነውር አይደለም፤ ማንም እንዲተወው አልጠይቅም። ነገር ግን በአሜሪካ የምትኖር የነርስ ረዳት ፈቃዷን የምታገኘው ከስቴቱ ነው። ቤቷ ውስጥ ሕፃናት የምትጠብቅ እናት ፈቃድ የምታወጣው በስቴት ደንብ ነው። የታክሲ ነጂው ታሪፍ፣ የልጆቻችን ትምህርት ቤት በጀት፣ የቤት ኪራይ ጭማሪ ገደብ፣ ብዙ ስቴቶች ከፌዴራሉ በላይ ያደረጉት ዝቅተኛ ደመወዝ፣ ሁሉም የሚወሰነው እኛ ስብሰባው መቼ እንደሆነ በማናውቅበት አዳራሽ ውስጥ ነው። ለአገር ቤትም ቢሆን የሚደመጠው በሚኖርበት ከተማ ድምፅ ያለው ሰው ነው፤ የኮንግረስ አባል ደብዳቤያችንን የሚያነበው ከወረዳው ስንት መራጭ እንዳለን ቆጥሮ ነው።

መንገዱን የጀመሩ የኛ ሰዎች አሉ። ከኢትዮጵያ የተሰደዱ ወላጆች ሱዳን ውስጥ የወለዷቸው አቶ ግርማይ ዛሂላይ በ2019 ለሲያትል አካባቢው የኪንግ ካውንቲ ምክር ቤት ተመርጠዋል። ያሸነፉት ላሪ ጎሴትን ነው፤ ጎሴት በ1968 በዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ የጥቁር ተማሪዎችን እንቅስቃሴ ከመሩት አንዱ የነበሩ፣ ከዚያም ከሃያ ዓመት በላይ በዚያ ምክር ቤት የቆዩ ታዋቂ ታጋይ ናቸው። ከጋምቤላ የተነሡትና ለዓመታት በኬንያ የስደተኞች ካምፕ የኖሩት አቶ ኦባላ ኦባላ የአሜሪካ ዜግነት ካገኙ አንድ ዓመት ገደማ ሲሆናቸው፣ በ2020 በሚኒሶታ የኦስቲን ከተማ ምክር ቤት አባል ሆነው ተመረጡ። በዚያው ዓመት አባታቸው ኢትዮጵያዊ የሆኑት ወይዘሮ ሳምራ ብሩክ ከሮቼስተር አካባቢ ለኒውዮርክ ስቴት ሴኔት ተመርጠው አልባኒ ገቡ፤ ሸርሊ የሠራችበት ሕንጻ ውስጥ። ሦስቱም የተመረጡት በኢትዮጵያውያን ድምፅ ብቻ አይደለም፤ ሊሆንም አይችልም፤ ቁጥራችን አይበቃም። የዩኒቲ ክለብ ከመጀመሪያው ጥቁሮችንና ነጮችን አንድ ላይ ይዞ መነሣቱ፣ ሸርሊም ወደ ፖርቶሪኮዎቹ መሄዷ ለዚህ ነው። ከሶማሌው፣ ከኤርትራዊው፣ ከሜክሲኮው፣ ከአፍሪካ አሜሪካዊው ጎረቤት ጋር በአንድ የትምህርት ቤት ጉዳይ ላይ መተባበር ያልቻለ ማኅበር የራሱን ሰው ሊያስመርጥ አይችልም።

ይህ መንገድ በሁሉም ቦታ አንድ እንዳልሆነም ልናገር። በእስራኤል የክኔሴት ምርጫ በፓርቲ ዝርዝር እንጂ በወረዳ ስላልሆነ፣ የቤተ እስራኤል አንቂዎች የሚገጥማቸው ጥያቄ ዝርዝሩ ውስጥ ስንተኛ እንቀመጣለን የሚል ነው፤ ብልሃቱም ይለያል። በባሕረ ሰላጤው አገሮች ያሉት እኅቶቻችን ደግሞ ድምፅ ከነጭራሹ የላቸውም። ድምፅ ያለን ሰዎች ድምፃችንን ሳንጠቀምበት መቅረታችን የበለጠ የሚያሳዝነው እነሱን ስናስብ ነው።

ስለዚህ የምለምናችሁ ቀላል ነገር ነው። ዜግነት ያላችሁ፣ ስማችሁ በመራጮች መዝገብ ላይ መኖሩን በዚህ ሳምንት አረጋግጡ፤ የቤተሰባችሁንና የዕድራችሁን አባላት አስመዝግቡ። ፕሬዚዳንት በማይመረጥበት ዓመት፣ ጥቂት ሰው በሚወጣበት የፓርቲ ውስጥ ምርጫ ውጡ፤ ከሁሉ የከበደ ድምፅ ያኔ ነው ያላችሁ። ዜግነት ያላገኛችሁም በትምህርት ቤት ቦርድና በካውንቲ ስብሰባ ተገኝታችሁ መናገር ትችላላችሁ፤ እዚያ ለመናገር የምርጫ ካርድ አይጠየቅም። በየአብያተ ክርስቲያናቱ፣ በየመስጊዱና በየማኅበሩ ያላችሁ መሪዎች፣ ሰው አሰባስባችሁ የወረዳችሁን ተወካይ ጥሩ፤ የሕፃናት ማቆያ ክፍያ፣ የሙያ ፈቃድ፣ የቤት ኪራይ ጉዳይን በጽሑፍ አቅርቡ፤ በሦስተኛው ወር መልሱን ጠይቁ። ከእናንተም መካከል የሰዎችን ችግር በስም የምታውቅ፣ ለመወዳደር ግን እኔ ማን ነኝ የምትል መምህርት፣ ነርስ ወይም የማቆያ ሠራተኛ ካለች፣ ፊርማ የሚሰበስቡላት ሰዎች ዛሬውኑ ከዚህ አዳራሽ ይነሡላት።